ቀጠሮ የጠበቀው ሱቅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፣ በገና ዕረፍት ዋዜማ፣ በመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 የምናገረው ስለ አንድ ፊልም ነው። «በትምህርት ቤት በዓል ላይ ስለ ፊልም መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ፊልም ብዙ ጊዜ የሥራ ፈት መዝናኛ ነው እየተባለ ይታማልና። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ ማታ በዚሁ አዳራሽ የታየውን ፊልም ከተመለከትነው መካከል ዓይኑን ሳይጠርግ የወጣ ጥቂት ነው። ሰው በሰማው ወይም ባየው ነገር ካለቀሰ በኋላ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ አይገባውም፤ «ያስለቀሰኝ ነገር ምንድን ነው? ከኔስ ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የኔም ንግግር ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ አይደለም።

ታሪኩ የውጭ አገር ስለ ሆነ፣ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የፊልሙ ስም በኮርያ ቋንቋ «ጉክጄ ሺጃንግ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ዓለም አቀፍ ገበያ» ማለት ነው። ይህ ገበያ በቡሳን ወደብ ከተማ የሚገኝ እውነተኛ ገበያ ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው ዩን ጄክዩን የተባለ ኮርያዊ ሲሆን፣ በአገሩ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በዲሴምበር 17 ቀን 2014፣ የፈረንጆች ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር። ከ14 ሚልዮን የሚበልጥ ተመልካች አይቶታል። የደቡብ ኮርያ ሕዝብ ያን ጊዜ 50 ሚልዮን ያህል ስለ ነበር፣ የተሸጠው ቲኬት ለሕዝቡ ቢታደል ከአራት ሰው ለአንዱ ሳይደርስ አይቀርም። አዘጋጁ ለዋናው ባለ ታሪክና ለሚስቱ ያወጣላቸው ስም የገዛ አባቱና የገዛ እናቱ ስም ነው። ስለዚህ ፊልሙ ልጅ ለወላጆቹ ያቀረበው ምስጋና ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። ታሪኩ የሚጀምረው በገና ሰሞን ነው፤ ይህም የፊልም ደራሲ ፈጠራ ሳይሆን በእርግጥ የሆነ ነገር ነው።

የኮርያ ጦርነት በጁን ወር 1950 ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ሰሜን ዘልቆ ሳለ የቻይና ጦር በብዙ ኃይል ስለ ገባበት ማፈግፈግ ግድ ሆነበት። በምሥራቅ በኩል የነበረው ጦር ወደ ሁንግናም ወደብ ወርዶ በመርከብ እንዲወጣ ታዘዘ። ወደቡ ግን ወታደር ብቻ የቆመበት አልነበረም። ልጆቹን ያዘለ፣ ሽማግሌዎቹን የደገፈ፣ ጓዙን በራሱ የተሸከመ ሕዝብ በዚያ ብርድ ባሕሩ ዳር ተሰብስቦ ነበር። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኤድዋርድ አልሞንድ በመርከቦቹ ላይ ወታደሩንና መሣሪያውን እንጂ ይህን ሁሉ ሕዝብ ለመጫን መጀመሪያ አላሰበም። ህዮን ቦንግሃክ የሚባል ኮርያዊ ሐኪም ከጄኔራሉ ዘንድ በአማካሪነት ይሠራ ነበርና፣ ሕዝቡ ቢቀር የሚደርስበትን እየነገረ አጥብቆ ለመነ። በመጨረሻም ተፈቀደ። እስከ ዲሴምበር 24 ቀን ድረስ 100 ሺህ ከሚያህለው ወታደር ጋር 100 ሺህ የሚጠጋ ሲቪል ሕዝብ ከዚያ ወደብ ወጣ።

ከመርከቦቹ አንዱ «ሜሬዲት ቪክቶሪ» ይባላል። የጭነት መርከብ ስለ ነበረ ከሠራተኞቹ ሌላ ለ12 መንገደኞች ብቻ ማረፊያ ነበረው። ካፒቴኑ ሊዮናርድ ላሩ ግን የሚጫን ሰው እስካለ ጫኑ ብሎ አዘዘ፤ 14 ሺህ ሰው ገባበት። ዕቃ በሚከመርበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ተጣብቆ ቆመ። የሚበላና የሚጠጣ አልነበረም፤ ማሞቂያም አልነበረም። መርከቡ በዲሴምበር 23 ተነሥቶ በገና ዋዜማ ቡሳን ደረሰ፤ ቡሳን ግን አስቀድሞ በመጡ ስደተኞች ስለ ተጨናነቀ «ቦታ የለም» ተባለ። ጉዞውንም ቀጥሎ በገና ቀን ጎጄ ከምትባል ደሴት ደረሰ። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም፤ ይልቁንም በመንገድ ላይ 5 ሕፃናት ተወለዱ። በገና ሌሊት ማደሪያ ስለ ታጣለት ሕፃን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ላደግን ለኛ ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ካፒቴን ላሩ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የባሕሩን ሥራ ተወና በአሜሪካ መነኰሰ፤ በ2001 እስኪሞት ድረስም በገዳሙ ኖረ። በዚያ መርከብ ከወጡት መካከል ደግሞ በ2017 የደቡብ ኮርያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት የሙን ጄኢን ወላጆች ነበሩበት።

እንግዲህ ፊልሙ ካሜራውን የሚያቆመው በዚህ ሕዝብ መካከል ነው። ዶክሱ የሚባል ትንሽ ልጅ ታናሽ እኅቱን ማክሱንን በጀርባው አዝሎ በመርከቡ ጎን በተዘረጋው መረብ ላይ ይወጣል። ከበታች የሚወጣው ሕዝብ ይጋፋል፤ አንድ እጅ ልጅቱን ይስባታል፤ ልብሷ ይቀደዳል፤ ማክሱን ትወድቃለች። ልጁ መርከቡ ላይ ሲደርስ ጀርባው ባዶ ነው። አባቱም ይህን ባየ ጊዜ ካፖርቱን አውልቆ ለልጁ ያለብሰዋል። እርሱ ልጅቱን ፍለጋ ሲወርድ፣ ከእንግዲህ አባ ወራው አንተ ነህ፣ እናትህንና ታናናሾችህን ጠብቅ ብሎ አደራ ይሰጠዋል። የሚገናኙበትንም ቦታ ይነግረዋል፤ ይኸውም በቡሳን ገበያ ውስጥ አክስቱ ያላት ትንሽ ሱቅ ነው። መርከቡ ይንቀሳቀሳል። አባትዮው ከታች፣ ልጁ ከላይ ሆነው ይለያያሉ።

ይህን ቀጠሮ ልብ እንድትሉት እለምናችኋለሁ፤ የፊልሙ ቁልፍ እርሱ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የዶክሱ ሕይወት ሁሉ ያን አደራ የመሸከም ታሪክ ነው። ወንድሙ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የትምህርቱን ወጪ ለመክፈል ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዶ በከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል። ይህም የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ከ1963 ጀምሮ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ኮርያውያን በጀርመን ማዕድን ሠርተዋል፤ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ኮርያውያት ደግሞ በሆስፒታል አስታማሚነት አገልግለዋል። ዶክሱም ሚስቱን ዮንግጃን ያገኛት ከነዚህ አስታማሚዎች መካከል ነው። የልጅነት ምኞቱ የመርከብ ካፒቴን መሆን ነበር። በስተመጨረሻ የባሕር ትምህርት ቤት ሲቀበለው ግን ታናሽ እኅቱን የሚድርበትና ሱቁን የሚያተርፍበት ገንዘብ ስላስፈለገ፣ ትምህርቱን ትቶ ጦርነት ወዳለበት ወደ ቪየትናም ለሥራ ይሄዳል፤ ከዚያም እግሩ ቆስሎ እያነከሰ ይመለሳል። ሚስቱ በአንድ ቦታ ላይ ስለ ሌላው ሁሉ ስትኖር ስለ ራስህ የምትኖረው መቼ ነው የሚል ጥያቄ በእንባ ታቀርብለታለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ ፊልሙም በቀላሉ አይመልሰውም።

አሁን መጋረጃው ወደሚከፈትበት፣ ሁላችንም ወዳለቀስንበት ክፍል ደርሰናል። ይህንንም ፊልሙ ከእውነተኛው ታሪክ ነው የወሰደው።

በጁን 30 ቀን 1983 ማታ የኮርያ ብሔራዊ ማሠራጫ ድርጅት በጦርነቱ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረ። የታሰበው ለ95 ደቂቃ ብቻ ነበር። ነገር ግን ስልኩ አላቆም አለ፤ ሕዝቡም በማሠራጫው ሕንጻ ፊት እንደ ጎርፍ ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ሰው ወረቀት ይዞ ነበር፤ በወረቀቱም ላይ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን መንደር፣ የተለያዩበትን ቦታ፣ የጠፋው ሰው በሰውነቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ጽፎበታል። ቦታ ሲጠብ ወረቀቱ በግድግዳው ላይ፣ በአደባባዩም ወለል ላይ ተለጠፈ። ዝግጅቱ እስከ ኖቬምበር 14 ቀን ድረስ 138 ቀናት ቀጠለ፤ የተላለፈውም ጠቅላላ ጊዜ 453 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆነ። የዚህ ዝግጅት ካሴቶችና ወረቀቶች በ2015 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

ምልክት ለምን ያን ያህል አስፈለገ? በኮርያ የቤተሰብ መጠሪያ ስም ጥቂት ነው። ኪም፣ ሊና ፓርክ የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ከመቶ ሰው ከአርባ የሚበልጠውን ይይዛሉ። «ኪም የሚባል ወንድም ጠፍቶብኛል» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ በቴሌቪዥኑ መስኮት ፊት ለፊት ቆመው እርስ በርሳቸው ይመረመሩ ነበር፤ «በግቢያችን ምን ዛፍ ነበረ? እናታችን ምን ብላ ትጠራህ ነበር?» እየተባባሉ። አንዱ ሲመልስ ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል። 30 ዓመት የተዘጋ በር የሚከፈተው በአንዲት የቤት ስም ነበር።

በፊልሙ ውስጥም ዶክሱ አባቱንና እኅቱን ፍለጋ ወደዚሁ አደባባይ ይመጣል። አባቱን አያገኝም። ማክሱን ግን አሜሪካውያን ቤተሰቦች አሳድገዋት በባሕር ማዶ ትገኛለች። የእናቷን ቋንቋ ረስታለች፤ በእንግሊዝኛ እየተናገረች፣ ከልጅነቷ የቀራትን ጥቂት ትዝታ እየቈጠረች፣ ወንድሟ በዚያ ቀን በመርከቡ ሥር ያላትን ታስታውሳለች። ያን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እናታቸውም ልጅዋን በሕይወት ሳለች ታያለች።

ክቡራትና ክቡራን፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ሰው ካልሞተ ይገናኛል» የሚል አባባል አለን። ደስ የሚያሰኝ አባባል ነው፤ በሐዘንተኛ ቤትና በመንገደኛ መሸኛ ላይ ብዙ ልብ አጽናንቷል። ነገር ግን የኮርያን ታሪክ ሳነብ አባባሉ ግማሹን ብቻ እንደሚናገር ተረዳሁ። ቍጥሩን ተመልከቱ። በ1983 ዘመዴን ፈልጉልኝ ብሎ ያመለከተው ሰው 100,952 ነው። በቴሌቪዥን ለመቅረብ ዕድል ያገኘው 53,536 ነው። ዘመዱን ያገኘው 10,189 ነው። ከአሥሩ አንዱ አገኘ ማለት ነው፤ ዘጠኙ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘጠኙ ሁሉ ዘመዳቸው ስለ ሞተ አይደለም። የአንዳንዱ ዘመድ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በማይደርስበት በሰሜን ነበር። በሰሜንና በደቡብ መካከል ደብዳቤም ስልክም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንግሥታት በ1985 አንድ ጊዜ፣ ከ2000 እስከ 2018 ደግሞ 21 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቤተሰቦችን ለጥቂት ቀናት አገናኝተዋል። በደቡብ በኩል ለመገናኘት ከተመዘገቡት ከ130 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ በላይ ሳይሳካላቸው ወይም ዳግመኛ ሳይገናኙ ሞተዋል። ሰው በሕይወት እያለም ሳይገናኝ ይቀራል።

ታዲያ ያ አንዱ እንዴት አገኘ? የጎደለው የአባባሉ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። አገኘ፣ ምክንያቱም በአንደኛው በኩል ያልረሳ ሰው ነበረ፤ በሌላውም በኩል እንዲሁ። ሁለቱም ምልክታቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ሰው ካልሞተ ይገናኛል፤ ግን የሚጠብቀው ሰው ካለና የሚጠበቅበት ቦታ ከታወቀ ነው።

ስለዚህ በኔ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ነገር የቴሌቪዥኑ መገናኘት አይደለም፤ ሱቁ ነው። ዶክሱ ከሸመገለ በኋላ በገበያው ሰው ሁሉ ዘንድ ግትርና ነጭናጫ ሽማግሌ ተብሎ ይታወቃል። ገበያው ሊታደስ ነው፤ ጎረቤቶቹ ሱቃቸውን ሊሸጡ ተስማምተዋል፤ እርሱ ብቻ «አልሸጥም» ይላል። ልጆቹ አይገባቸውም። ሱቁ ብዙ አያተርፍም፤ ቤተሰቡ ገንዘብ አያጣም። ተመልካቹም ቢሆን ለብዙ ጊዜ ምክንያቱን አያውቅም። ምክንያቱ ግን ያ ቀጠሮ ነው፤ አባቱ እገናኝሃለሁ ያለው እዚያ ነው። ሱቁ ቢፈርስ አባትየው የመጣ ቀን ወዴት ይሄዳል? በመጨረሻ ላይ ዶክሱ ራሱ አባቱ እስከ ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ከመምጣት እንዳለፈ ተረድቶ፣ ሱቁን እንሽጠው ብሎ ለሚስቱ ይነግራታል። ይህን በጸጥታ ሲናገር ከማንኛውም ልቅሶ ይልቅ ልብን ይነካል። ደግሞ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በአንደኛው ክፍል ሲስቁና ሲዘፍኑ፣ እርሱ በሌላው ክፍል ብቻውን ከአባቱ ፎቶግራፍ ፊት ካፖርቱን ታቅፎ፣ አደራውን መጠበቁን፣ ነገር ግን በጣም እንደ ከበደው እንደ ሕፃን እያለቀሰ ይናገራል።

በዚህ ፊልም ላይ የሚቀርበውን ነቀፋ ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርዴ የተጣመመ ይሆናል። በአገሩ በኮርያ ፊልሙ በወጣ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶች የአባቶችን ድካም ሲያመሰግን በዚያው ዘመን የነበረውን የአምባገነኖች አገዛዝና ስለ ነጻነት የታሰሩትን ሰዎች በዝምታ አልፏቸዋል ብለው ነቀፉት። ሌሎችም እንባን በግድ ይቀዳል አሉ። የመጀመሪያው ነቀፋ እውነት አለበት፤ የአንድን ቤት ታሪክ የሚናገር ሰው የአገሩን ታሪክ ሁሉ ተናገርሁ ሊል አይችልም። ስለ ሁለተኛው ግን የምለው አለኝ። በ1983 የተቀረጸውን ትክክለኛ ሥዕል ያየ ሰው ፊልሙ ያጋነነው ነገር እንደሌለ ይመሰክራል። እዚያ ያሉት ሰዎች ተዋንያን አይደሉም፤ ልቅሷቸውም ከፊልሙ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ምናልባት «ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ሩቅ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በሜይ ወር 1951 የወረደው በዚሁ በቡሳን ወደብ ነበር፤ ይኸውም የሁንግናም ስደተኞች ከገቡ ከአምስት ወር በኋላ ነው። በጦርነቱ ዘመን ከ3,500 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተዋል፤ ከ120 የሚበልጡት ሞተዋል፤ ከ500 የሚበልጡትም ቆስለዋል፤ አንድም ግን አልተማረከም። ወታደሮቻችን በዚያ የሠሩት ውጊያ ብቻ አልነበረም። በዶንግዱቾን ከተማ ወላጆቻቸው ለሞቱባቸውና ለጠፉባቸው ሕፃናት «ቦህዋ» የተባለ ማሳደጊያ አቋቁመው ረድተዋል። እንደ ማክሱን ያሉ ልጆች እጅ የያዘ ኢትዮጵያዊ እጅ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። ከ1998 እስከ 2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተደረገው ጦርነት ምክንያት በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ከኖረበት ተባረረ፤ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያየ። ስልክ ተቋረጠ፤ መንገድ ተዘጋ። በጁላይ ወር 2018 ሰላም ሲወርድ በመጀመሪያ ስልኩ ተከፈተ፤ በዚያው ወር በ18ኛው ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አስመራ በረረ። በሴፕቴምበር 11 ቀን፣ ማለት በእንቍጣጣሽ ዕለት በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዛላምበሳና በቡሬ በኩል ድንበሩ ተከፈተና የተለያየ ዘመድ በአደባባይ ተቃቀፈ። የበዓል ፊልም የሚያሳየውን ሁሉ እኛ በበዓል ቀን በዓይናችን አየነው። ነገር ግን ብዙ ወራት ሳይቈጠሩ መተላለፊያዎቹ ዳግመኛ ተዘጉ። በር ሲከፈት የሮጠ ዘመዱን አየ፤ «ነገ እሄዳለሁ» ያለ ቀረ። ከኮርያም ከራሳችንም የምንማረው አንድ ነው፤ በሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት መንግሥታት ናቸው፤ በሩ የተከፈተ ዕለት ማንን እንደምንፈልግና የት እንደምንፈልግ ማወቅ ግን የኛ የቤተሰቦች ሥራ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ በዚህ የገና ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ሥራ እንድንሠራ አሳስባለሁ። የኛ አገር የስም ሥርዓት የሚያኰራ ቢሆንም ለፈላጊ ግን አስቸጋሪ ነው። የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ ስማችንን ከአባታችን ስም ጋር እንጠራለን። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች በአባት ስም አይገናኙም፤ የልጆቻቸው ልጆች ደግሞ በመንገድ ቢተላለፉ ከስማቸው የተነሣ ዝምድናቸውን የሚያውቁበት ነገር የለም። ዝምድናችንን የሚያስረው የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ነው፤ ያም በየዓመቱ ከኛ ይለያል። እንግዲህ ደብተርና እርሳስ ይዘን ከአያቶቻችን እግር ሥር እንቀመጥ። የቅድመ አያቶቻችንን ስም፣ የተወለዱበትን ቀበሌና ደብር፣ ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰውን ሰው ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ የቤት ስሙን፣ በሰውነቱ ላይ ያለውን ምልክት እንጻፍ። በብዙ ቤት ውስጥ «እርሱ እኮ ድሮ ወጥቶ ቀረ» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ሰው አለ። ያ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ቢያንስ አምስት መስመር ይገባዋል።

ሁለተኛም ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ለመሄድ ለምናስብ ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ከተማ፣ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያስባሉ። የሚሄድ ሰው ይመሰገናል፤ መንገድ ይወጣለታል፤ ፎቶግራፉ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በቤት የሚቀረውን ግን ማንም አያመሰግነውም። እናቱን የሚያስታምመው ወንድም፣ የአባቷን ሱቅ የምትከፍተው እኅት፣ የድሮውን ቤት አልሸጥም ብሎ ከልጆቹ ጋር የሚጣላው ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ «ዓለም ሲሄድ እርሱ ቀረ» እየተባለ ይነገርባቸዋል። ቀጠሮውን የሚጠብቁት ግን እነርሱ ናቸው። እነርሱ ባይቆዩ የሄደው ሰው የሚመለስበት ቤት አይኖረውም። የሚሄዱት ሰዎች ገንዘብ መላክ ብቻ አደራቸውን የፈጸመ አይምሰላቸው፤ የቀረውንም ሰው ድካሙን ይጠይቁት። ዶክሱን በዚያ ክፍል ብቻውን ያስለቀሰው ሥራው ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ይመስለኛል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ እናንተንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጅ ሳይጠይቅ ብዙ ነገር በልባችሁ ይዛችሁ ትኖራላችሁ፤ «ልጆቹን ምን አስጨነቃቸው» ብላችሁ የጠፋብንን ዘመድ ስም አትጠሩልንም። ጥሩልን። ስሙን ካልሰማነው በር የተከፈተ ዕለት ማንን ብለን እንጣራ?

ይህ ትምህርት ቤታችን ዛሬ የምሥረታውን በዓል ያከብራል። ከዚህ በር የወጡት ተማሪዎች በብዙ አገር ተበትነዋል፤ እኛም በጥቂት ወራት ውስጥ ከነርሱ ጋር እንቈጠራለን። በዚህ የዓመት መጽሐፍ መጨረሻ ገጾች ላይ የእያንዳንዳችን ስም ከነአያታችን ስምና ከነትውልድ አገራችን እንዲታተም የመጽሐፉን አዘጋጆች ለምኛቸው ፈቅደውልኛል። ዝርዝሩን ስታዩ የመዝገብ ቤት ወረቀት አይምሰላችሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱ ሌላውን ሲፈልግ የሚጀምርበት ቦታ እንዲሆን ነው የታሰበው።